ባሌ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ አገኘሁ፣ ምን ልበለው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ላሳጥረው። ከወራት በፊት ተኝታችሁ ሳለ ሌባ ገብቶባችሁ ነበር። አሁን ደግሞ ብርድ ልብስ ልታወርጂ ስትንጠራሪ ቁምሳጥኑ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ አገኘሽ፣ ባልሽን ስትጠይቂው "ለናንተ ብዬ ነው፣ ልጆቹ እንደሆነ አያውቁም" አለሽ፣ ከዛ ወዲህ እንቅልፍ የለሽም።

"ልጆቹ አያውቁም" የምትለዋ ነገር ናት እኔን ያስፈራችኝ። በ2006 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ወላጅና ልጅን ለየብቻ ጠይቀው ነበር፣ ልጄ መሳሪያው የት እንዳለ አያውቅም ካሉት ወላጆች 39 ፐርሰንቱ ልጆቻቸው ቦታውን እናውቃለን ብለው አርፈዋል። የ9 አመት ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ የማይደርስበት ቁምሳጥን ደሞ የለም።

ባልሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ቤቱ ሲደፈር ተኝቶ የነበረ ወንድ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን ሳይሆን እፍረቱን ነው የሚደብቀው፣ ሽጉጡን ካንቺ የደበቀውም ለዛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ወይ እሱ ወይ እኔ" ብለሽ አትጀምሪ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ "የዛን ለሊት ምን ተሰማህ?" በይውና ዝም በይ፣ እስኪጨርስ አታቋርጪው። በሩን ማታ ማታ ተነስቶ ደጋግሞ የሚያይ፣ በትንሽ ኮሽታ የሚባንን ከሆነ ደንግጦ የቀረ ሰው ነውና ባለሙያ ቢያናግር ነው የሚሻለው፣ ሽጉጡ ያንን አያድንለትም። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ጭንቅላቱ ቶሎ አይነቃም፣ በጨለማ ሽንት ቤት የሚሄድ ልጁን ከሌባ ላይለይ ይችላል፣ ይሄንን ራሱ ያስበው።

ድርድር የሌለበት ነገር አለ ግን። ጥይቱ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቆለፋል፣ ሽጉጡም ለብቻው ይቆለፋል፣ ፈቃድ ከሌለው እቤት አይቀመጥም። አንቺ ራስሽ እንዳትነኪው፣ ይጉረስ አይጉረስ አታውቂም። እስኪቆለፍ ድረስ ልጆቹን ብቻቸውን ቤት ጥለሽ እንዳትወጪ።

ያልነገርሽኝ ነገር ካለ፣ ማለትም ሲጠጣ የሚዝትብሽ ከሆነ ወይም "መኖር ሰልችቶኛል" የሚል ከሆነ ከላይ ያልኩትን እርሺው። ቤት ውስጥ መሳሪያ ሲኖር ራስን የማጥፋት አደጋው በብዙ እጥፍ ነው የሚጨምረው። ኑሮ ሰልችቶኛል ካለ ብቻውን አትተዪው፣ የሚሰማው የቅርብ ዘመድ ዛሬውኑ ጠርተሽ መሳሪያው ከቤት ይውጣ፣ ሀኪምም ይየው። ዝቶብሽ ከሆነ ደግሞ ልሄድ ነው ብለሽ ሳትነግሪው ልጆቹን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስ የምትደውዪው ከቤት ከራቅሽ በኋላ ነው።