ሽጉጤን ለማን ልሽጠው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። በ550 ዶላር የገዛሁትን ግሎክ 19 ሽጉጥ ልሸጥ ብዬ የጠመንጃ ትርኢት (መሣሪያ የሚሸጥበት ገበያ) ላይ ይዤው ሄድኩ። አንዱ ነጋዴ 280፣ ሌላው 300 አለኝ። ስወጣ ፓርኪንግ ላይ አንድ የሜሪላንድ ሰው 430 በካሽ እሰጥሃለሁ ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። ነጋዴዎቹ እንዲህ ዋጋ መስበር ይችላሉ? ለሰውየውስ ልሽጥለት?

መልስ፦ ለሰውየው እንዳይሸጡለት። እባክዎ አይደውሉለት።

የፌደራል ሕግ የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ለሌላ ስቴት ነዋሪ መሣሪያ በቀጥታ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ሽያጩ በገዢው ስቴት በሚገኝ፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት። ገዢው የቨርጂኒያ ነዋሪ ቢሆንስ? በጁላይ 2020 ሥራ ላይ የዋለው የቨርጂኒያ ሕግ ባክግራውንድ ቼክ (ገዢው መሣሪያ እንዳይይዝ የተከለከለ አለመሆኑን ማጣራት) ሳይደረግ መሸጥን ወንጀል አድርጓል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ነው፤ በ2025 ግን አንድ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ሕጉን ስላገደው፣ አሁን ይሠራ እንደሆነ ከመሸጥዎ በፊት ይጠይቁ።

እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግሪን ካርድዎ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያ ከሕግ ውጭ ሸጠሃል ተብሎ ከተፈረደበት፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። አንድ ቀን እንኳ ባይታሰርም። ለመሸጥ በመሞከር መፈረድም ያው ነው። ለ130 ዶላር ልዩነት ቤተሰብዎን እዚህ አደጋ ውስጥ አይክተቱ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ነጋዴው የፈለገውን ዋጋ መጥራት ይችላል፤ የሚያስገድደው ሕግ የለም። መልሶ ሸጦ ማትረፍ ስላለበት ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። እርስዎም በመጀመሪያው ዋጋ አይሽጡ። ተመሳሳይ ሽጉጥ በስንት እንደተሸጠ አስቀድመው ይዩ። ሣጥኑንና ትርፍ የጥይት ካዝናዎቹን ይዘው ይሂዱ። ሦስት አራት ጠረጴዛ ይዙሩ። ጉድለት ካለው ግን አይደብቁ፣ በማታለል ሊያስጠይቅዎ ይችላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የዕቃ ሽያጭ በቃል ብቻም ሊጸና ይችላል። ስለዚህ ሳይቆርጡ «እሺ» አይበሉ። ሲሸጡ የሽጉጡ መለያ ቁጥር፣ ቀኑና የነጋዴው ስም ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ነጋዴው የእርስዎን ስምና አድራሻ መዝገቡ ላይ ሲጽፍ አይደንግጡ፤ ግዴታው ነው።

300 አነሰኝ ካሉ ሁለት መንገድ አለ። ነጋዴው ሱቁ አስቀምጦ ኮሚሽን ይዞ እንዲሸጥልዎ ይስማሙ። ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ገዢ ካገኙ፣ ትርኢቱ ላይ ባክግራውንድ ቼክ የሚያደርግልዎ እንዳለ ጠይቀው እዚያው ይጨርሱ።

ሽጉጡን ይዘው ሲነዱ ጥይቱን አውጥተው ይቆልፉት፤ መንገድ ለማሳጠር ብለውም በዋሽንግተን ዲሲ በኩል አይሂዱ።