ፖዘቲቩ ላይ ምን አሰሩ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር በደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው፦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ከታሰረው ብረት።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ በረኪና ለመሥራት ጨው ውሃ ውስጥ ሁለት ሚስማር ነክሬ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁ። ቡናማ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ፖዘቲቩ ላይ ያለው ሚስማር ተበልቷል። ብረት ከጨው ክሎሪን ከመውጣቱ በፊት ራሱ ይሟሟና ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል። በስቴንለስ ልተካው ካሉ ይብሳል፤ ክሮሚየምና ኒኬል ውሃው ውስጥ ይለቃል። ትክክለኛው በሩቴኒየም ወይም በኢሪዲየም ኦክሳይድ የተለበጠ ቲታኒየም ነው። ያልተለበጠ ቲታኒየም ግን ወዲያው ኦክሳይድ ይለብስና ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ያቆማል። ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው የካርቦን ዘንግም ይሠራል፤ ግን እየተፈረፈረ ፈሳሹን ስለሚያጠቁር ከወለል ማጽጃ አይለፍ።

መጠኑ፦ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 25 ግራም ጨው። ሻካራ ጨው ከሆነ ሟሙቶ ይዝቀጥ፣ በጨርቅም ይጠለል፤ ካልሺየምና ማግኒዚየም ካለበት ኔጌቲቩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ በኮምጣጤ ይለቃል። 4 አምፔር ለ2 ሰዓት ይስጡት። በስሌት 1 አምፔር በሰዓት 1.32 ግራም ክሎሪን ስለሚያወጣ 10.6 ግራም መገኘት ነበረበት፤ በተግባር 6 ግራም ከደረሱ ጥሩ ነው። ፈሳሹ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ በረኪናው ወደ ክሎሬት (ጀርም ወደማይገድል ጨው) ስለሚለወጥ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት።

በመለኪያ 6 ግራም በሊትር መሆኑ ከተረጋገጠ ለ20 ሊትር ጀሪካን የመጠጥ ውሃ 7 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አማስለው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ይጣራ፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። የተሠራው በረኪና ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ይቀመጥ፣ በማግሥቱም ተጠቅመው ይጨርሱት።

ኔጌቲቩ ላይ የሚወጣውን ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሃይድሮጂኑን፣ ችላ አይበሉ። እንደ ጎንደር ባለ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚሁ ሥራ ከ4 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣል። ቡና የተጣደበት ከሰል ባለበት፣ በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይሠራም።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የብረት ዕቃ መዳብ እለብጣለሁ፤ በጣት ሲነካ ይላጣል።

መልስ፦ ብረት መዳብ ሰልፌት ውስጥ ሲገባ መብራት ሳይለቀቅም መዳብ ይይዛል። ያ ሽፋን ዱቄት ነው፤ ከላዩ የሚመጣው ሁሉ አብሮት ይላጣል። መጀመሪያ ስስ ኒኬል ያስፈልጋል። የኒኬል ጨው ካንሰር አምጪ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ አየር መውጫ አይሞከር።

ኒኬሉ ከያዘ በኋላ በ1 ሊትር 200 ግራም መዳብ ሰልፌትና 120 ሚሊ ሊትር ያህል የመኪና ባትሪ አሲድ (ጥግግቱ 1.28 የሆነው) ይበቃል። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ። ዕቃው ኔጌቲቭ፣ የመዳብ ቁራጭ ፖዘቲቭ። የሞተር ሽቦ ከተጠቀሙ ቫርኒሹን ይፋቁ፤ ካልተፋቀ አያስተላልፍም። 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ ሁለቱንም ገጽ ቆጥረን፣ ከ1 እስከ 1.5 አምፔር ነው። ጠርዙ ጠቁሮ ዱቄት ከያዘ አምፔሩ በዝቷል። መካከል ላይ መብራት ከጠፋ (ይጠፋልና!) ዕቃውን አውጥተው ያጥቡ፤ ሲመጣ 10 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ነክረው ይቀጥሉ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የዛገ መጥረቢያ በኤሌክትሪክ ይጸዳል?

መልስ፦ ይጸዳል። መጥረቢያው ኔጌቲቭ፣ ቁራጭ ፌሮ ፖዘቲቭ፤ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ። ጨው አይጨምሩ፣ ፖዘቲቩ ላይ ያለውን ፌሮ ቶሎ ይበላዋል። የስቴንለስ ማንኪያም ፖዘቲቩ ላይ አይታሰር፤ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። 12 ቮልት፣ ከ2 እስከ 5 አምፔር፤ ጥቁሩን በብሩሽ አጥበው ወዲያው ዘይት ይቀቡት። ሞላ (ስፕሪንግ) ግን በዚህ መንገድ አይጸዳም፤ ሃይድሮጂን ገብቶበት ይሰበራል።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ ከውሃና ከኤሌክትሪክ ማዳበሪያ ይሠራል መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በጓሮ ግን አይሞከርም። 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ለ1 ቶን አሞኒያ (የማዳበሪያው መነሻ) 177 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከናይትሮጂን ጋር በ400 ዲግሪና ከ100 እጥፍ በሚበልጥ የአየር ግፊት ማዋሃድ አለ።