የንጉሥ ባራታ ግልገል

ልጆቼ፣

አርባ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ብዙ ሰው እጄ ላይ አርፏል። አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ራሳቸውን ስተው እንኳ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱን ሲሰፉ ያድሩ ነበር። አንዲት እናት ደግሞ እስከ መጨረሻው "ዶሮዎቹ ገቡ?" ይሉኝ ነበር። "ገብተዋል እማማ" ስላቸው ይረጋጋሉ።

ልብ ዕድሜ ልኩን የያዘውን እስከ ሞት ድረስ አይለቅም። ሂንዱዎች ይህን ነገር ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንዳሰቡበት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ነፍስ ተመልሳ ሌላ ሥጋ ትለብሳለች የሚለውን አልቀበልም። ትምህርቱ ግን ልቤን ነክቶታል።

ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ በሚባለው የጥንት ቅዱስ መጽሐፋቸው ጠቢቡ ያጅናቫልክያ ለንጉሥ ጃናካ ሲያስረዳ፣ ሰው ማለት ምኞቱ ነው ይላል። ምኞቱ ቁርጥ ሐሳብ ይሆናል፣ ሐሳቡ ሥራ፣ ሥራው ደግሞ ራሱን ሰውየውን ይሠራዋል። አባጨጓሬ ሣሩ ጫፍ ስትደርስ ሌላ ሣር ይዛ እንደምትሻገር፣ ነፍስም እንደዚያው ትሻገራለች።

ባጋቫድ ጊታ በሚባለው ሌላው ቅዱስ መጽሐፋቸው ደግሞ አምላካቸው ክሪሽና፣ ሰው ሥጋውን ሲለይ የሚያስበውን ያንኑ ይሆናል ይላል። ታዲያ የመጨረሻዋን ደቂቃ ጠብቄ ደግ ደጉን ላስብ ብትሉ አይሆንም። ክሪሽና ወዲያው የሚያነጋግረውን ጦረኛ አርጁናን "ስለዚህ ሁልጊዜ አስበኝ፣ ተዋጋም" ይለዋል። ሥራህን ሳትተው ማለቱ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ባጋቫታ ፑራና በሚባለው የጥንት ታሪክ መጽሐፋቸው ያለው የንጉሥ ባራታ ታሪክ ነው። መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ ጋንዳኪ ወንዝ አጠገብ መነነ። አንድ ቀን ያረገዘች አጋዘን ውኃ ስትጠጣ አንበሳ አገሳ። ደንግጣ ስትዘል ግልገሏ ወንዙ ውስጥ ወደቀ፤ እሷም ሞተች። ባራታ ግልገሉን አወጣው። ማን ዝም ብሎ ያያል? ከዚያ ሣር ማብላት መጣ። ከአውሬ መጠበቅ መጣ። ትንሽ ሲዘገይበት መብከንከን መጣ። ጸሎቱ ቀስ በቀስ ቀረ። ሲሞትም ልቡ ግልገሉ ጋ ነበር፤ አጋዘን ሆኖ ተወለደ።

አደራ፣ አትራሩ የሚል ታሪክ አድርጋችሁ እንዳታነቡት። ሰውየው ዙፋን ንቆ የሄደ ነው። የያዘው ክፉ ነገር አልነበረም። ትንሽ፣ የሚያሳሳ፣ በየቀኑ የሚመጣ ነገር ነው። የእናንተም ግልገል ማታ ማታ ስልክ ላይ የምታዩት የሰው ኑሮ ይሆናል። ያደረ ቂምም ሊሆን ይችላል።

እስቲ ለአንድ ሳምንት፣ ጠዋት ዓይናችሁን ስትገልጡ ቀድሞ የሚመጣባችሁን ሐሳብ ጻፉት። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጽፋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ የቤት ኪራይ ነበር። አሁን አሁን እነዚያ በሽተኞቼ ሆነዋል።