ነፋስ ዳገት ሲወጣ አሸዋው ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

ስለ አፈር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ነፋስ ናቸው፤ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳገት አሸዋን ይይዛል ይባላል። ታዲያ ባሕር ዳር ያለው የቤዛዊት ኮረብታ አናት ላይ ስወጣ ነፋሱ ለምን ይበረታብኛል?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። አሸዋ አየር ላይ ተንሳፍፎ አይሄድም፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትተው ለመነሳት ጠንከር ያለ ነፋስ ይፈልጋል፤ 15 ዲግሪ ዳገት ላይ ከሜዳው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ። ግን ነፋሱም ዝም አይልም። ኮረብታው መንገዱን ሲያጠብበት ይፈጥናል፣ አናቱ ላይ ከሁሉም ይበረታል። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚሄደው አሸዋ ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል! አናቱ የሚራቆተው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቁልቁል ሲነፍስስ?

መልስ፦ በቀላሉ ይነሳል። ተዳፋቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱን አታስቡት።

ጥያቄ፦ የተነሳው አሸዋ የት ይወድቃል?

መልስ፦ ከጀርባ። ነፋሱ አናቱን ካለፈ በኋላ ከመሬት ይላቀቃል፤ እዚያ ጸጥ ስለሚል አሸዋው ይራገፋል። የበረሃ የአሸዋ ክምር የሚራመደውም እንዲህ ነው፤ ነፋስ የሚመታው ፊቱ ለዘብ ያለ፣ ጀርባው ግን ከ30 እስከ 34 ዲግሪ የቆመ። ደረቅ አሸዋ ከዚያ በላይ ከቆመ ይናዳል። ሲኖትራክ ያራገፈው የግንባታ አሸዋ ሲደርቅ ግርጌውን ጫር አድርጉት፣ ያንኑ ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ለምን እንዲህ ያለ ክምር አናይም?

መልስ፦ አፈሩ አብዛኛው ሸክላማ ነው። ሲደርቅ ጓል ይሆናል፣ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ነፋስ አይደፍረውም። ደንገሉም ነፋሱን ከመሬት ያርቀዋል። ደንገል ያለ ልክ ሲታጨድ ሳይ የምር ያመኛል፤ ጥቅሙ ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ማሳዬ ተዳፋት ነው። ዝናብ ነው ነፋስ የሚያሰጋኝ?

መልስ፦ ዝናብ፣ ያለ ጥርጥር። ነፋስ አፈር ይዞ ዳገት ለመውጣት ይቸገራል፣ ጎርፍ ግን ሁሌም ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ጣና የሚገቡት በዚሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እርከን። ነፋሱ ተራው በበጋ ነው፣ ማሳው ተግጦ ባዶ ሲቀር። ያኔ እርከን ብቻውን አይበቃም፤ ከአጨዳ በኋላ ቆረኑን አትጨርሱት፣ ከብቱንም ከአናቱ አርቁት። ዛፍ ካላችሁ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በመስመር ትከሉ፤ የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ይከልላል። ግን ዛፎቹን በጣም አታጠጋጓቸው፣ ነፋሱ ትንሽ ካላለፈበት ከጀርባው ይሽከረከራል።