የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፦ ለሰፈር በጎ ፈቃድ ክበባት ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ ከሰፈር ክበባት የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ቤት እድሳት ነው። መልሶቹ በደጋና በወይና ደጋ ከተሞች ላሉ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሃያ አባላት ነን። ሐምሌ ላይ የአንዲት እናት ቤት ልናድስ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ምርጊቱም ረግፏል። ከየቱ እንጀምር?

መልስ፦ ከጣሪያው። ሐምሌ ላይ ከጣሪያውና ከውሃ መውረጃው ቦይ አትለፉ፤ ምርጊቱን ለጥቅምት አቆዩት። በክረምት የተመረገ ጭቃ ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርጥብ እንደሆነ ስለሚቆይ ማገሩን ያበሰብሳል፣ እሱም ቆይቶ ይረግፋል። ዘመቻው የክረምት ስለሆነ ብቻ ሁሉንም በአንድ ሳምንት እንጨርስ ማለት ትልቁ ስህተት ነው። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ እስከዚያው በላስቲክ ይሸፈን። ቦዩ ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ከሚያርፍበት ላይ ተቆፍሮ ወደ ዝቅተኛው ወገን ይውጣ፤ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ ቀድማችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ቤቱ 4 በ5 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ያፈሳል። ስንት ቆርቆሮ እንግዛ?

መልስ፦ ጣሪያው በየጎኑ ግማሽ ሜትር ከግድግዳው ይውጣ፤ ምርጊቱን ከዝናብ የሚያድነው እሱ ነው። ስለዚህ 5 በ6 ሜትር ትሸፍናላችሁ። ውሃው በ5 ሜትሩ አቅጣጫ የሚወርድ ከሆነ ተዳፋቱ ሲጨመር 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 2 ሜትር ሦስት ቆርቆሮዎች በ20 ሳንቲ ሜትር እየተደራረቡ 5 ሜትር ከ60 ይሸፍናሉ። በጎን ሁለት ሁለት ጉብታ ተደራርቦ አንዱ የሚሸፍነው 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለ6 ሜትሩ 9 ረድፍ ያስፈልጋል። 9 ጊዜ 3፣ 27 ቆርቆሮ፤ ሁለት ለመጠባበቂያ ጨምሩ። ስፋቱ ስለሚለያይ ሱቅ ውስጥ በሜትር ለኩት። ጌጁ (የውፍረቱ ቁጥር) ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳም አትርሱ፤ ባለ 35 ከባለ 32 ይቀጥናል። ገንዘቡ ካነሰ ቀጭን ገዝቶ ሁለት ቤት ከማልበስ ወፍራም ገዝቶ አንዱን ቤት በደንብ መሥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አምና የቀየርነው ቆርቆሮ በምስማሩ በኩል ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ምስማሩ ጎድጓዳው ላይ ተመትቶ ይሆናል፤ ውሃው የሚሄደው በዚያ ነው። ምስማር ምንጊዜም በጉብታው ላይ፣ ከሥሩ ሞራሌ ባለበት ይመታል። ባርኔጣው ቆርቆሮውን ሲነካ አቁሙ፤ ጉብታው ከሰመጠ ውሃ ያቁራል። የተሳሳተውን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑት። ሌላው ምክንያት ከላይ ወደ ታች መምታት ነው፤ መጀመር ያለበት ከታችኛው ረድፍ ሲሆን የላይኛው በእሱ ላይ ይደረባል።

ጥያቄ፦ ጣሪያውን ከማንሳታችን በፊት ምን እንይ?

መልስ፦ ቋሚዎቹን። ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ አፈሩን ትንሽ ቆፍራችሁ በቢላ ውጉ። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ቋሚው በስብሷል። ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ሳትይዙ ቋሚውን አታውጡት፤ አንዱን ተክታችሁ ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ። አዲሱ አጣና ልጡ የተላጠና የደረቀ ይሁን፤ መሬት የሚገባውን 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሬንጅ ወይም የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ምስጥ ካለ ይህ ብቻ ስለማይበቃ በየዓመቱ መፈተሽ አለበት።

መብራቱን ደግሞ ከቆጣሪው አጥፉ። በአሮጌ ቤት ሽቦው ቆርቆሮው ሥር ተላጥቶ ሊገኝ ይችላል፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ የቆመ ልጅ በዚህ ይሞታል።

ጥያቄ፦ የምርጊቱ ጭቃ ሁሌ ይሰነጠቅብናል። ጭዱ አንሶ ነው?

መልስ፦ ጭዱም አፈሩም ሊሆን ይችላል። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ምንም ጭድ ብትጨምሩ አያድነውም። ቀይ አፈር ፈልጉ፣ ከላይ ሥርና ቅጠል ያለበትን አንሱለት። ውሃ አጠጥታችሁ ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ርገጡት፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቡካ፣ በየቀኑም ውሃ እየጨመራችሁ አገላብጡት። ጭዱ ለስልሶ ጭቃው መሽተት ሲጀምር ደርሷል። በአንድ ቀን የተቦካ ጭቃ ማገሩን አይዝም።

የመጀመሪያው ምርጊት ማገሩ መሐል በኃይል ተመትቶ ይገባል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው ስንጥቁን ይይዛል። ችግሩ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብ ነው። ሁለተኛውን ስትጀምሩ ግድግዳው ላይ ውሃ እርጩ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ስለሚመጥ ተላጦ ይወድቃል። የመጨረሻው ልስን ስስ ይሁን፤ ጭዱም የደቀቀ።

ጥያቄ፦ የቀበሌ ቤት ቢሆንስ?

መልስ፦ የፈቃድ ደብዳቤ ሳትይዙ ምስማር አትንቀሉ። ቤቱን በግማሽ ሜትር እንኳ ብታሰፉ የሚጠየቁት ነዋሪዋ ናቸው። የድሮውን ስፋት በፎቶና በልክ መዝግቡ።

ጥያቄ፦ ማንን እንደምናስቀድም ማን ይወስን?

መልስ፦ የእድር ሰዎችን ጠይቁ፤ ማን ጧሪ እንደሌለው ያውቃሉ። ድንኳናቸውንም ተዋሱ፤ ጣሪያው በተነሳበት ቀን ዕቃው የሚያርፈው እዚያ ነው። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፤ እስከ 8 ሰዓት አዲሱ ቆርቆሮ ይመታ። ካልደረሳችሁ የተረፈውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ዳሩን በድንጋይ ያዙት። እማማም የሚያድሩበት የጎረቤት ቤት አስቀድሞ የተነገረው ይሁን።