እንግዳ አንድ ቀን እንዲጨምር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። እንግዳዬ ማታ ደክሞት ይገባል፤ ጎህ ሳይቀድ መኪናው ክላክስ ያደርጋል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚማረው የእህቴ ልጅ «ስሎው ቱሪዝም፣ ረጋ ያለ ጉዞ የሚባል አለ፤ ሰውየው እንዲቆይ አድርጊው» ይለኛል። ላሊበላን ሊያይ የወጣ ሰው እኔ ጋ ምን ብሎ ይቆያል? ቴሌቪዥኑን ልለውጥ? ዋይፋይ ላስገባ? ገንዘቤን ምን ላይ ላውለው?

ባለፔንሲዮኗ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ እውነቱን ነው። ቴሌቪዥኑን ግን ይተዉት።

ነገሩ የተነሣው ጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሮም መሀል የፈጣን ምግብ ቤቱ ማክዶናልድስ ሲመጣ ካርሎ ፔትሪኒ የሚባል ሰውና ጓደኞቹ ተቃወሙ። ምግብ ተረጋግቶ ይበላ፣ የየአገሩ ሙያ ይከበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ጥቂት የጣሊያን ከንቲባዎች ሐሳቡን ወደ ከተማ አኗኗር ወሰዱት። ጉዞም ተከተለ። ተጓዡ ከቦታ ቦታ መሯሯጡን ትቶ አንድ አካባቢ ይቀመጣል፤ በእግሩ ይሄዳል፤ ሰፈርተኛው የሚበላውን ይበላል።

አሁን ወደ እርስዎ ኪስ እንምጣ። አንድ ሰው አንድ ሌሊት ሲያድር አንሶላ ይታጠባል፣ ክፍል ይጸዳል፣ ያመጣው ሹፌር ወይም ደላላ ኮሚሽኑን ይቀበላል። ያው ሰው ሁለተኛ ሌሊት ካደረ አብዛኛው ወጪ አይደገምም፤ የአልጋው ሒሳብ ግን ይደገማል። ደግሞ አድሮ የሚሄድ ሰው ከተማው ላይ የሚያወጣው የእራትና የውሃ ብቻ ነው። ከዋለ ምሳ ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ልብሱን ያሳጥባል። ጎረቤትዎም አብሮ ያገኛል። እኔ ይህን ነገር አጥብቄ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ብቻ መጥቶ የሚሄድ ገንዘብ ሰፈሩን ሳይነካ ነው የሚያልፈው።

ታዲያ ሰውየው ለምን ይቆያል? የሚያቆየው በዚያ ቀን ምን እንዳለ ማወቁ ነው። እሑድ ማታ ለገባ እንግዳ ቁልፉን ሲሰጡት አንድ ነገር ይንገሩት፤ «ነገ ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ነው»። ባቲን ስሟን በቅኝቱ ብቻ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ መሰለዎት! ከእርስዎ ቤት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላው ይመጣል፤ አማራውና ኦሮሞው ከደጋው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ፎቶ አንሥቶ የሚመለስ ሰው ይህን ገበያ አላየውም። ጥላ ፈልጎ፣ ሻይ ይዞ፣ ግመል ተራው ዘንድ ቁጭ ይበል። ሲመለስ አቧራ ጠግቦ ነው የሚመጣው፤ ሻወርና አልጋ ይፈልጋል። ያቺ ናት ሁለተኛዋ ሌሊት።

ለቀሪዎቹ ቀናትም እንዲሁ የሚነግሩት አያጡም። ወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉና ቁልፍ መስቀያው አጠገብ ይለጥፉት።

ሌላው ቡና ነው። በቀደም እዚህ ደሴ ሙጋድ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ከአስጎብኚያቸው ጋር መጥተው ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቆሎው ቀርቧል። አቦሉን እንደጠጡ አስጎብኚው ሰዓቱን አየና ተነሡ አላቸው። ጎረቤቴ ለቶናው ጀበናው ላይ ውሃ እየጨመረች ነበር። አዛውንቱ አባቷ ለዱዓ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። «ኧረ ሳትመረቁ!» ብትል ማን ይስማት። አንደኛዋ እንግዳ በር ላይ ዞር ብላ ሽማግሌውን ታያቸው ነበር፤ መቆየት ፈልጋለች፣ ያስታውቃል። እነዚያ ሰዎች ከአገራቸው ድረስ የመጡለት ነገር ልክ እጃቸው ሊገባ ሲል ተነሡ።

እርስዎ ግቢ ይህ አይሁን። ቡናውን ራስዎ በሚጠጡበት ሰዓት ያፍሉ፤ ጎረቤትዎን እንደ ወትሮው ይጥሩ፤ ለእንግዳው አንድ በርጩማ ይጨምሩ። ለቱሪስት ተብሎ የሚሠራ ትርኢት ወዲያው ያስታውቃል። የሚያስከፍሉ ከሆነ ዋጋውን አስቀድመው ይናገሩ። ሳይነገር ቆይቶ የሚመጣ ሒሳብ ሰውን ያስቀይማል፣ ስምዎንም ያበላሻል።

ሥራ ላይ የዋለ ምሳሌ ካስፈለገዎት ሰሜን ወሎ መቄት አለ። ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንግዶች ከመንደር መንደር በእግራቸው ይጓዛሉ፤ ጓዛቸውን አህያ ይጭናል፤ የሚያድሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች ነው። ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚያ መኪና የለም፣ ቴሌቪዥንም የለም።

ገንዘቡን ምን ላይ ላውለው ላሉት፣ ጥሩ ፍራሽ፣ የማይቋረጥ ሙቅ ውሃና የሚዘጋ መስኮት ላይ ያውሉት። ዋይፋይ ቢኖር አይከፋም፤ ግን ከፍራሹ በኋላ ነው። በበዓል ፈቃድ ተጣድፎ የሚያልፈውን ሰው ደግሞ አይጫኑት፤ በጠዋት ቁርሱን አብልተው ይሸኙት። መንገዱንም በየዕለቱ ከመናኸሪያ ሰዎች ያጣሩ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ያየነውን አይተናል። መንገዱ ደህና ካልሆነ ዛሬ አይሂዱ ብለው በግልጽ ይንገሩት። ባቲ ብትቀርም ትቅር።

ጥያቄ፦ የአራት ቀን ፈቃድ አለኝ። ደሴን፣ ሐይቅን፣ ግሸንን፣ ላሊበላንና ባቲን በአንድ ዙር ማየት እፈልጋለሁ። እጮኛዬም አብራኝ ናት፤ የምንመጣው በአውቶቡስ ነው። እንዴት ላድርገው?

ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ካደረግከው የምታየው አስፋልት ነው። አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መምጫውና መመለሻው ሁለቱን ቀን ይበሉብሃል። ሁለት ቀን ቀረህ ማለት ነው። ላሊበላና ግሸን ራሳቸውን የቻሉ ጉዞዎች ናቸው፤ ለሌላ ጊዜ አቆያቸው። ሦስቱንም ሌሊት ደሴ አንድ ቤት አልጋ ያዙ።

አንዱን ቀን ለሐይቅ ስጡት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ስለዚህ እጮኛህ በር ላይ ደርሳ እንዳታዝን ቀድመህ ንገራት፤ አንተም ብዙ አታስጠብቃት። ከዚያ ሐይቁ ዳር ዓሣ ብሉና ፀሐይ እስክትበርድ እዚያው ተቀመጡ። ሌላ ፕሮግራም አትጨምር።

ሁለተኛውን ቀን በእግር። ከፒያሳ ተነሥታችሁ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ እዩ፤ ከሰዓት የአካባቢ ልጅ ይዛችሁ ወደ ጦሳ ተራራ ውጡ። ከተማዋን ከላይ ስታያት እንዴት ሸለቆው ውስጥ እንደተዘረጋች ይገባሃል። ለልጁ የምትከፍለውን ሳትነሡ ተስማሙ። ባቲ ከሰኞ ጋር ካልገጠመላችሁ አትድከሙ፤ ገበያው በሌለበት ቀን ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

ሹራብ ያዙ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ትበርዳለች።