መልስ፦ በእንግሊዝኛ "አይ" (I)፣ "ሚ" (me) እና "ማይሰልፍ" (myself) በምን ይለያያሉ?
ሦስቱም "እኔ" ሆነው ለምን ይለያያሉ ላልከው፦ የሚወስነው ተውላጠ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። ባለቤት ከሆነ "አይ"፣ ተሳቢ ከሆነ ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ከመጣ "ሚ" ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ሰዎች በ"ኤንድ" ሲጣመሩ ነው። "ሺ ኮልድ ጆን ኤንድ አይ" (ጆንንና እኔን ጠራችን ለማለት) ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ግን "ጆን ኤንድ" የሚለውን አውጥተህ አንብበው፤ "ሺ ኮልድ አይ" አይባልም፣ ስለዚህ "ሚ" ነው። እኔ ከማንኛውም ሕግ በላይ የምመክረው ይህንን ዘዴ ነው።

"ማይሰልፍ" በዋናነት የሚመጣው ባለቤቱና ተሳቢው አንድ ሰው ሲሆኑ ነው፦ "አይ ሳው ማይሰልፍ ኢን ዘ ሚረር" (ራሴን በመስታወት አየሁ)። ኢሜይል ላይ "ፕሊዝ ኮንታክት ማይሰልፍ" ብሎ መጻፍ ጨዋነት ቢመስልም ስህተት ነው፤ "ሚ" በቂ ነው።

አገናዛቢዎቹ ቀላል ናቸው፦ "ማይ" ከስም በፊት ይገባል፣ "ማይን" ስሙን ተክቶ ብቻውን ይቆማል። እንደ "ሁ" (who) እና "ዊች" (which) ያሉትን ሌሎች ተውላጠ ስሞች እነዚህን በደንብ ከያዝክ በኋላ ብትጀምር ይሻልሃል።